አላዝም ያሉት ጋሽ ሸምሱ

የሰማሁት አገና ከተማ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከቡታጅራ ተነስቼ ልጄን ለማየት ወደ ወልቂጤ እየሄድኩ ነበር። ሚኒባሱ ገበያው ዳር ቆሞ ሰው ይጭናል፤ ረዳቱ «ወልቂጤ! ወልቂጤ ሁለት ሰው!» እያለ ይጮሃል። ስልኬ ጠራ። ደሳለኝ ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ። ደሳለኝ ሳይቀልድብኝ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን «ጽጌ» ብቻ አለኝ።

«ምን ሆንክ? ተናገር እንጂ!»

«ጋሽ ሸምሱ» አለ። «ሱብሂ ሰግደው ጋደም እንዳሉ ነው። ሊቀሰቅሷቸው ቢገቡ የሉም። ዛሬውኑ ከሰዓት ይቀበራሉ፤ ነይ።»

ወረድኩ። ረዳቱ «እንዴ እህቴ፣ ወልቂጤ አልነበርሽም?» አለኝ። ነበርኩ። ወልቂጤ ልሄድ ነው ማለት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጠቅልሎ መሄዱ ግን አልሆነልኝም። መንገዱን ተሻግሬ የሚመልሰኝን መኪና ስጠብቅ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከእንባዬ ቀድሞ የመጣው ንዴት ነው። «እንዴ ጋሽ ሸምሱ! መልሴን ሳይሰጡኝ?» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አጠገቤ ቆጮ ታቅፋ የቆመች ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝና «አይዞሽ የኔ እህት» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ጋሽ ሸምሱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከአንድ ነገር ልጀምር፦ እኚህ ሰው እኔ ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ ማንንም አዘው አያውቁም። ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠዋት የሥራ ቦታችን በር ላይ አንዲት አህያ ተጋድማ መግቢያ ነሳችን። እኛ «ሂጂ! ወግጂ!» ስንል ጋሽ ሸምሱ ከፊቷ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «ትንሽ ፈቀቅ ብትዪ ምን ይመስልሻል?» አሏት። ደሳለኝ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ብረት ላይ ተደፋ። አህያዋም ስትፈልግ ተነሳች፣ እሳቸውም እስክትነሳ ጠበቁ። ባጃጅ ሲሳፈሩማ ጉድ ነው! «እዚህ ጋ አቁም» ማለት አይሆንላቸውም። «እዚህ አካባቢ ብትቆም ደስ ይለኝ ነበር» ብለው እስኪጨርሱ ባጃጁ ቤታቸውን አልፎ ሄዷል። በእግራቸው ይመለሳሉ። አንዳንዴም የብየዳ መከላከያውን ጭምብል ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ረስተውት ነው የሚመለሱት።

የሥራ ቤታችን ብረታ ብረት ቤት ነው። በርና መስኮት፣ የግቢ በር እንሠራለን። አምስት ነበርን፦ ጋሽ ሸምሱ፣ ሁሴንና ከድር ይበይዳሉ፣ ደሳለኝ ይቆርጣል፣ እኔ ልኬት እወስዳለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ ደንበኛ አናግራለሁ። የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች ይዘው የመጡት ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ ግን ገና ከመነሻው «የጋራ ነው» አሉና የጋራ ሆነ። አለቃ የለም። ሥራ አስኪያጅ የለም። መንግሥት ቤት ሄደን «ሥራ አስኪያጅ ማነው?» ስንባል የተረኛውን ስም እንሰጣለን። አንድ ጊዜ ጸሐፊዋ «ባለፈው ደሳለኝ አልነበር?» ብትለኝ፣ «እሱ ተሽሯል» አልኳትና ክፉኛ ደነገጠች።

አንድ ጉዳይ ሲነሳ ማሽኑ ይጠፋል፣ ሁላችንም በተደረደረው ብረት ላይ እንቀመጣለን። ደሳለኝ «ሸንጎ» ይለዋል። አምስታችንም እስክንስማማ የሚደረግ ነገር የለም። አራት ለአንድ የሚባል አይታወቅም። አንድ ሰው «እያሰብኩ ነው» ካለ አይቸኮልበትም፤ ይጠበቃል። የአገር ሽማግሌ ዋርካ ሥር ተቀምጦ እንደሚያደርገው፣ ተናጋሪው ጨርሶ፣ ዝም ያለው እስኪናገር መቀመጥ ነው። ጋሽ ሸምሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የሚናገሩት።

አንድ የመርካቶ ነጋዴ ነበር፣ የኛው አገር ሰው። ለመስቀል ቤተሰቡን ይዞ ከመግባቱ በፊት አዲስ ለሠራው ቤት የግቢ በር ሊያሠራ መጣ። ገና መኪናውን ሳያጠፋ «ባለቤቱን ጥሩልኝ» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አይ አንቺን ሳይሆን ባለቤቱን።»

«እኔ ነኝ» አለ ደሳለኝ ከወዲያ።

ሁሴን ደግሞ ከጭምብሉ ሥር ሆኖ «እኔም አለሁበት» አለ።

ሰውየው ግራ ተጋባ። ጋሽ ሸምሱ ከጓዳ ብቅ ሲሉ ነፍሱ መለስ አለችለት። «እፎይ! እርስዎ ነዎት አይደል ባለቤቱ?»

«አሰላሙ አለይኩም» አሉት ጋሽ ሸምሱ። «ልጆቹ ምን አሉህ?»

«ሁሉም ባለቤት ነን ይላሉ!»

«እንግዲያው ውሸት አይናገሩም» ብለው ለመቀመጫ የተደረደረውን ብረት ጠቆሙት። በሩ ቡናማ ይሁን አረንጓዴ በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። እኔ አረንጓዴ ፀሐይ ላይ ይገረጣል አልኩ፣ ሁሴን ቡናማው ከሰውየው ጣራ ጋር አይሄድም አለ፣ ሰውየው ራሱ ክርክሩ ውስጥ ገብቶ ኮቱን አወለቀ። ሲሄድ «እንደናንተ ዓይነት እብድ አላየሁም» አለን። በየዓመቱ ግን የመስቀል ሰሞን ይመጣል፣ ዘመዶቹንም ያመጣል። ያ በር እንዲህ ሊያምር የቻለው አምስት ሰው ተጨቃጭቆበት ነው። ይህን እክዳለሁ ብል ምላሴ አይታዘዘኝም።

ለምን እንደማያዙ የነገሩን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ክረምት ነበር፤ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣራውን እየደበደበው ሥራ ፈትተን ቁጭ ብለናል። ደሳለኝ እንደ ልማዱ ሊያሾፍ «ጋሽ ሸምሱ፣ እትዬ ራህመትንም ‹ውሃ ብትሰጪኝ ምን ይመስልሻል› ነው የሚሏት?» አላቸው። እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«አዲስ አበባ ፎርማን ነበርኩ» አሉ። «እንዲህ ያለ ዝናብ ጥሎ ያባራበት ቀን ነው። ጣራ ላይ የሚበየድ ነገር ነበር። ልጁን ‹ውጣ› አልኩት። ‹ጋሼ ያንሸራትታል› አለኝ። ‹ውጣ ብያለሁ!› አልኩት። ወጣ። ወደቀ። አልሞተም። ግን ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልቆመም። ዓይኑ እንደሚያንሸራትት አይቶ ነበር እኮ! እኔ ስላዘዝኩት የገዛ ዓይኑን ትቶ በእኔ ዓይን ወጣ። ወላሂ፣ ‹ውጣ› ስለው የሚወጣ ሰው ከዚያ በኋላ አልፈልግም ብዬ ነው አገሬ የገባሁት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ደሳለኝ በዚህ ነገር ቀልዶ አያውቅም። እኔም እንደዚያ ቀን ሰው አክብሬ አላውቅም። የተያዝኩትም ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

የተያዝኩት ማለቴን ላስረዳ። አለቃ ያለው ሰው፣ አለቃው ሲያስመርረው ከኋላው ያማዋል፣ አንድ ቀን ይጣላዋል፣ በሩን አላትሞ ይወጣል። እኔ ማንን ልማ? ራሴን? ማንን ልሳደብ? ከማንስ ጋር ተጣልቼ ልውጣ? ያለ ሁላችን ስምምነት ምንም አይደረግም ያልኩት እኔው ነኝ። ደግሞ የከድር ነገር አለ።

ከድር ቆሼ ከተማ የተሻለ ሥራ አገኘና አንድ ሰኞ ሳይናገር ቀረ። በቃ፣ ይሄዳል ሰው። እኛ ሌላ በያጅ ፈልገን እናስገባ አልን። ጋሽ ሸምሱ ግን «ከድር ሄጃለሁ አላለም እኮ። ባልተናገረው ነገር እንዴት ቦታውን እንሰጣለን?» አሉ። የሥራ ሽርጡ ከግድግዳው ሳይወርድ ቀረ። የከድርን ሥራ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ደርበው ያዙት። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ለአረፋ ከድር ሰላም ሊላቸው መጣ፤ ጋሽ ሸምሱ አቅፈውት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ «ሽርጥህ አለ» አሉት። ከድር፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ አልቅሶ ወጣ። እኔ ይህን አየሁ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

እንግዲህ ባለፈው መስከረም ባለቤቴ ታምራት ወልቂጤ ሥራ አገኘ። የመብራት ሠራተኛ ነው። እናቱ እዚያው ናቸው። ልጃችን ኤደን መዋዕለ ሕፃናት የምትገባበት ጊዜ ስለነበር «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ወር ሳይሞላ ጨርሼ እመጣለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ወር ሳይሞላ! ጉድ በሉ።

ሸንጎ ጠራሁ። ማሽኑ ጠፋ፣ ተቀመጥን። «ወልቂጤ ከቤተሰቦቼ ጋ ብሄድ ምን ትላላችሁ? መርቃችሁ ብትሸኙኝ» አልኳቸው። ሳልመረቅ አልወጣም። እናቴ «ሳይመረቅ የወጣ ሰው መንገድ አያልቅለትም» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ የከድርንም አይቻለሁ።

ደሳለኝ «ባልሽ እዚያ፣ ልጅሽ እዚያ፣ እኛ ምን አባታችን እንላለን? ይቅናሽ» አለ። ሁሴን ሳምንት አስቦ እሺ አለ። ጋሽ ሸምሱ ግን ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩና፣ «አንቺስ ምን አሰብሽ?» አሉኝ።

«እኔማ እናንተ እንዳላችሁ ነው» አልኳቸው፤ ጨዋ ሰው እንደሚለው።

አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲያው እያሰብኩ ነው» አሉ።

ገና መጣ። ጠየቅኋቸው። «አንቺስ?» አሉኝ። «እርስዎ እንዳሉ» አልኩ። «እያሰብኩ ነው ጽጌ።» ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ ሆነ። እያሰቡ ነው። ሰው ይህን ያህል ምን ያስባል? አንዳንዴ ቀለም ስቀባ ዓይናቸውን ጀርባዬ ላይ አገኘዋለሁ። የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ። ዞር ስል ወደ ብረታቸው ይመለሳሉ። እልህ ያዘኝ። በልቤ «አልለቅሽም ማለታቸው ነው፤ እምቢ ማለት ስለማይሆንላቸው ዝም አሉ» አልኩ። እወዳቸዋለሁ፣ እናደድባቸዋለሁ፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ ተሸክሜ ጠዋት ጠዋት በሩን እገባለሁ።

ታምራት በስልክ ይጮህብኛል። «ያሰረሽ ማነው? ስሙን ንገሪኝና መጥቼ ላናግረው!»

«ማንም አላሰረኝም።»

«ማንም ካላሰረሽ ነያ!»

«እንዴት ብዬ?»

ይዘጋዋል። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን እዘጋዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እሑድ እመለሳለሁ። በሰኔ አንድ ቅዳሜ ደርሼ ኤደንን አቅፌ ሳወርዳት፣ አማቴ እንግዳ የሚያስቀምጡበትን ወንበር ልጄ እየጎተተች አመጣችልኝ። «እማዬ፣ እዚህ ቁጭ በይ። እንግዳ እዚህ ነው የሚቀመጠው» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? አማቴ ሰምተው ወደ ጓዳ ገቡ። ያን ሌሊት ጣራ ጣራ እያየሁ ነጋ፤ ሰኞ ግን ቡታጅራ ቀለም እየቀባሁ ነበር። እንዲህ ያለ መያዝ አለ እንዴ? ገመድ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ጠባቂ የለው!

ይኸው እንዲህ ሆኖ ነው አገና ላይ ስልኩ የመጣው።

ስደርስ ወንዶቹ ወደ መቃብር ሄደዋል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ተቀመጥኩ። በማግሥቱም ሄድኩ፣ በሦስተኛው ቀንም። ሰዉ ሳሳ ሲል የጋሽ ሸምሱ ባለቤት እትዬ ራህመት እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ዓይናቸው አብጧል። ፊት ለፊቴ ተቀመጡና፣ «ጽጌ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምንድን ነው ሳትሄጂ የቀረሽው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «እሳቸው አልፈቀዱልኝማ!»

«ሸምሱ?» አሉ። «ሸምሱ ምን አገባውና ነው የሚፈቅድልሽ?»

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«ዓመቱን ሙሉ ባንቺ ነገር እንቅልፍ አጥቶ ነው የከረመው» አሉ። «‹ራህመት፣ ይቺ ልጅ ትጠይቀኛለች። እሄዳለሁ ብትለኝ መርቄ፣ አልቅሼ እሸኛታለሁ። እሷ ግን ልሂድ ወይ ትለኛለች። ሂጂ ካልኳት አለቃዋ ሆንኩ። አትሂጂ ካልኳትም አለቃዋ ሆንኩ። ምን አሰብሽ ስላት እርስዎ እንዳሉ ትለኛለች› ይለኝ ነበር። እኔም ‹አንተ ሰውዬ፣ በቃ ንገራታ!› እለዋለሁ። ‹ተናገሪ ብዬ ከነገርኳት ያው አዘዝኳት አይደል? የገዛ ዓይኗ እስኪያይ እጠብቃለሁ› ይላል። ይኸው፣ ሲጠብቅ ቀረ።»

ምን እንደተሰማኝ በትክክል ልንገራችሁ፦ ጋሽ ሸምሱ ቢነሱልኝ በሁለት እጄ ትከሻቸውን ይዤ እነቀንቃቸው ነበር። እልኸኛ ሽማግሌ! ዓመት ሙሉ! ልጄ እንግዳ እስክትለኝ! አንዲት ቃል ጠፍታ! ከዚያ ደግሞ እኚያ ሰው ዓመት ሙሉ ጀርባዬን እያዩ አንዲት ቃል ከአፌ ሲጠብቁ ታየኝ። ልጁን በአንድ ቃል ጣራ ላይ ያወጡት ሰው፣ እኔን በአንድ ቃል ከቤት ማስወጣት አልሆነላቸውም። እሳቸውም ተይዘው ነበር። ከእኔ ብሰው ተይዘው ነበር። እትዬ ራህመት ጉልበት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ እሳቸውም ራሴን እየዳበሱኝ አለቀሱ።

ለታምራት ደወልኩ። «በሚመጣው ሳምንት ጠቅልዬ እመጣለሁ» አልኩት።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ።

«ማንም!» አልኩት፤ ደስ እያለኝ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ኤደን ስልኩን ነጥቃ «ስንት ቀን ነው የምትቀመጪው?» አለችኝ። «ሁልጊዜ» አልኳት። «ሁልጊዜ ስንት ቀን ነው?» አለች።

ሐዘኑ አልፎ ሥራ የገባነው በቀጣዩ ሰኞ ነው። ቤቱ ጭር ብሏል። ለመስቀል የታዘዙ በሮች በየግድግዳው ተደግፈው ይጠብቁናል፤ ግማሾቹ ጋሽ ሸምሱ እንደጀመሯቸው ናቸው። የሚበይድ ሁሴን ብቻ ቀርቷል። ደሳለኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያረጀ መስሏል፤ ሸሚዙን አዛብቶ ቆልፎታል፣ የሚነግረውም ሰው አላገኘም። ቀለም የምቀባው እኔ ብቻ፣ ደንበኛ የማናግረው እኔ ብቻ። ባጃጁ ላይ ስመጣ ግን አፌን ሳፍታታው ነበር የመጣሁት፦ «እሄዳለሁ። እሄዳለሁ። እሄዳለሁ።» ባለባጃጁ «የት ነው የምትሄጂው?» እስኪለኝ ድረስ።

«ሸንጎ እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

ደሳለኝ ማሽኑን አጠፋ። ብረቱ ላይ ተቀመጥን፣ ሦስት ሆነን። ቦታው ሰፋብን። ሁሴን ጭምብሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ያዘው። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ፤ ደሳለኝ ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ የምለውን ያወቀ ይመስለኛል።

አፌን ከፈትኩ። ቃሏ እዚያው ምላሴ ላይ ነበረች፤ ወላዲተ አምላክን፣ ነበረች።

«ያ የወልቂጤው ነገር» አልኩ። «እንግዲህ... ምን ትላላችሁ?»

ደሳለኝና ሁሴን ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ማሰብ ጀመሩ።